ያልተከፈተው የዘቢብ እሽግ

ብርቱካን ስትደውል እኔ ደባርቅ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ጉራዬን እየነዛሁ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ፣ ውሃው ጥርስ በሚያንገጫግጭበት፣ እንጨቱ በጭስ ብቻ በሚያልቅበት ቦታ እንዴት ኬክ እንደምጋግር ለባለሱቁ እያስረዳሁት ነው። ሰውየው ይህን ታሪክ ስንቴ እንደሰማው እሱና እግዜር ያውቃሉ፤ ጨዋ ስለሆነ ግን አሁንም ይስቅልኛል። ስልኬ ጮኸ።

«ጋሽ ሞላ» አለች።

«አቤት የኔ ብርቱካን። አባትሽ ዘቢቡን አስታውሽው ብሎሽ ነው? ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ በይው። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ አይጥ እንኳ አድራሻውን አያውቅም።»

አልሳቀችም።

«አባዬ አረፈ» አለች። «ትናንት ከሰዓት። ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ መጫኛ እየጠገነ ነበር። ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት፣ እዚሁ ዳባት ነው፣ ከደረስክ።»

እደርሳለሁ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ባለሱቁ አሁንም ኬኩን እየጠበቀ ነው። «ከዚያስ? ፈረንጆቹ ምን አሉ?» አለኝ። ምን እንዳሉ ጠፋኝ። እኔ ሞላ፣ የወሬ ጫፍ ጠፍቶኝ የማያውቀው ሰውዬ፣ ታሪኩን መሀል ላይ ጥዬው ዳባት የሚሄድ ሚኒባስ ፍለጋ ሮጥኩ።

አያ ይርዳው፣ የብርቱካን አባት፣ በቅሎ ጫኝ ነበር። እኔ ደግሞ ኩክ ነኝ፣ የቱሪስት ምግብ አብሳይ። ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት የረገጥኩት አስተማሪው እስኪሰለቸኝ ነው፤ እኔም ቀድሜ ሳልሰለቸው አልቀረሁም። እንግሊዝኛውን ከፈረንጅ ሻንጣ ጋር ተሸክሜ ነው ያመጣሁት፤ ጀርመንኛም ተርፎኛል። ኬኩን በድስት ነው የምጋግረው፤ ፍም ከታች፣ ፍም ከላይ፣ መሀል ላይ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ስኳርና ዘቢብ። አንድ ፈረንጅ በልቶ ሲያበቃ ድስቱን ገልብጦ ሶኬት የፈለገበት ኬክ ነው። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ ብቻ አይደለም፤ ከአያ ይርዳው ጋር ያስተዋወቀን ያ ኬክ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ አብረን የወጣነው ሳንቃ በር፣ ተራራው ላይ ያለው የቱሪስት ሰፈር ነው። ማታ ከፈረንጆቹ የተረፈውን ኬክ ጠመንጃ ይዞ ለሚያጅበን ስካውትና ለጫኞቹ ቆራረስኩላቸው። ሁሉም ጎረሰው። አያ ይርዳው ግን ቁራሹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዘቢቡን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ግን የጫኝ ጣት አይመስሉም፤ ዘቢቡን ሳይጨምቁ ነው የሚያነሱት።

«ዝንብ መስሎህ ነው እንዴ አያ? ዘቢብ ነው» አልኩት።

«አውቀዋለሁ።»

«ካወቅኸውማ ብላው።»

«ስለማውቀው ነው» አለኝ። የለቀመውን በመዳፉ አድርጎ መለሰልኝ። «አስቀምጠው፣ እንዳይረገጥ። ከወደቀ ቀስቅሰኝ፣ እኔ አነሳዋለሁ።»

ዘቢብ ስለወደቀ ሰው ቀስቅሰኝ ሲል ምን ትላላችሁ? እኔ ብርዱ ጭንቅላቱን መትቶታል አልኩ። እሱ ሲተኛ ሽማግሌውን ስካውት ጠየቅኩት። «ቄስ ነበር እኮ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ከዳባት በላይ ያለችው ኪዳነ ምሕረት ቀዳሽ ነበር። ክህነቱ ፈረሰ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ይርዳው በወጣትነቱ ቀሰሰ። ሚስቱ ብርቱካንን ወልዳ አራስ ቤት ሞተች። የእኛን ሥርዓት ታውቁታላችሁ፤ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ሌላ ካገባ ክህነቱን ይተዋል። እሱ ጡት ያልጣለች ልጅ ክንዱ ላይ ይዞ ቆመ። ልጅቷን ለዘመድ ሰጥቶ ቢመነኩስ መቅደስ ውስጥ ይቀር ነበር። ልጅቷን መረጠ። ውዴ የምትባል፣ ከአምቢኮ መንደር ተድራ ባሏ የሞተባት ሴት አገባ፤ ብርቱካንን አሳደገችለት። ከዚያ ወዲያ ታቦት አይነካም፣ መቅደስ አይገባም። የራሱን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ቆሞ ማየቱ ስላልሆነለት ደባርቅ መጥቶ በቅሎ ጫነ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሰውየውን ማየት ጀመርኩ። ደህና አድርጌ ማለቴ ነው።

ጠዋት ጭነት ከመንካቱ በፊት ከጀሪካን ውሃ ያስፈስስና እጁን ይታጠባል። ብርድ ይሁን ውርጭ ይታጠባል። ሳያደርቀው እጁን ከፍ አድርጎ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ነው ኮርቻውን የሚያነሳው። ሌላው ጫኝ በቅሎውን ሲሳደብ፣ ፈረንጁን በአማርኛ ሲያማ፣ እሱ ከበቅሎዋ ጎን ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ጠዋት የወጥ ቤቱን ሸራ ሲያጥፍ አየሁት። አራቱን ጫፎች ወደ መሀል፣ ከዚያ ደግሞ ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያ መዳፉን ከላይ አሳርፎ ትንሽ ይቆያል። የዘይት ጠብታና የሽንኩርት ልጣጭ ያለበት ሸራ ነው።

«አያ፣ ሸራ ነው እኮ፣ ጠቅለል አድርገህ ወርውረው» አልኩት።

«እጄ ሌላ አጣጠፍ አያውቅም» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ሳህን ሳጥብ ከጀርባዬ ቆሞ አየኝ። ሳህን አስተጣጠቤ የታወቀ ነው፤ ውሃ የሚያየው ሳህን ከማያየው ያነሰ ነው። «ጀርባውንም እጠበው» አለኝ።

«በጀርባው ማን ይበላል?»

«ለማን እንደሚደርስ አታውቅም።»

ይህች አባባሉ ነበረች። መጫኛ ሲያጠብቅም፣ ለበቅሎ ገብስ ሲነፋም፣ መንገድ ላይ ሰው የሚያደናቅፍ ድንጋይ ሲያነሳም «ለማን እንደሚደርስ አታውቅም» ይላል። እኛ ጫኞችና ኩኮች እንቀልድባት ነበር። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው «ለማን እንደሚደርስ አታውቅም» ይላል። እሱም ይስቃል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

አንድ ነገር ብቻ አያስቀውም። ቅዳሜ ገበያ አብረን ስንወጣ ለገበያ የመጡ የዳባት ሴቶች ያዩታል፤ ልማድ ሆኖባቸው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ ብለው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቃል። «ባዶ እጅ ነው እናቴ፣ ባዶ እጅ ነው» ይላል፤ ሴትዮዋም ታስታውስና ትደነግጣለች። እኔም መጀመሪያ «እርስዎ» ስለው «ተው፣ አንተ በለኝ። እርስዎ ያልከው ሰውዬ ዳባት ቀርቷል» አለኝ። አንተ አልኩት። ውዴ ግን አልለቀቀችም፤ እስከ መጨረሻዋ እርስዎ ነው የምትለው።

የዘቢቡ ነገር እንዲህ ጀመረ። የቱሪስት ወቅት ሊገባ ሲል ጎንደር ወርጄ አስቤዛ እገዛለሁ። አንድ ዓመት ልሄድ ስል መንገድ ላይ አገኘኝና ብር ሰጠኝ። «አንድ እሽግ ዘቢብ ለእኔ ጨምር። ግን እንዳትከፍተው፣ እንደታሸገ ይቀመጥ።»

«አንተ ዘቢብ ትለቅማለህ እንጂ መቼ ትበላለህ?»

«የሚበላ አይደለም።»

ወቅቱ ሲያልቅ እሽጉን ተቀበለኝ፤ ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጥሮ ዳባት ሄደ። አብሬው ነበርኩ፤ እኔ ወደ ኮሶዬ ለዘመድ ሰርግ ነበር የምወርደው። ዳባት ስንደርስ ና ወዲህ ብሎኝ ወደዚያች ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ከቅጥሩ በር ላይ ቆሞ ዲያቆን አስጠራ። እሽጉን ሰጠው፤ ስሙን አልተናገረም። ዲያቆኑ ወደ ቤተልሔሙ፣ የቁርባኑ ኅብስት ወደሚጋገርባት ትንሽ ቤት ይዞት ሲሄድ አያ ይርዳው ቆሞ አየው፣ በሩ እስኪዘጋ። ዘቢቡ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ጽዋ ውስጥ ይገባል።

«አትገባም?» አልኩት።

«እኔ አልገባም» አለ። «እሱ ይገባል።»

ስንወርድ ራሱ ጀመረው። «ሞላ፣ አንተ ኬክ ውስጥ የምትከተው ዘቢብና ያ ዘቢብ ከአንድ ዘለላ የመጣ ሊሆን ይችላል። አንዱ አንተ ድስት ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ጽዋ ውስጥ። ፍሬው የትኛው እንደሚደርሰው አያውቅም። እኔም ሳየው አላውቅም። ስለዚህ ሁሉንም እጠነቀቅለታለሁ።»

እኔ ስለ ሰርጉ ሙዚቃ ማውራት ጀመርኩ።

ቤታቸው ደባርቅ ጫፍ ላይ ነበር፤ ብርቱካን ጎንደር ትምህርት ሄዳ እሱና ውዴ ብቻ ይኖራሉ። ውዴ አጭር፣ ፈገግተኛ፣ ደረቷን የሚያማት ሴት ናት። አንድ ከሰዓት አያ ይርዳውን ፈልጌ ስሄድ የለም፤ እሷ ደጅ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች። ተቀመጥ አለችኝ።

«ሞላ፣ አንተ ሰው ታስቃለህ» አለች።

«ሥራዬ ነው እቴ፣ ምግቡ ከጎደለ በሳቅ እሞላዋለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንህ። እሳቸውን በቀልድ አስገባባቸው፤ በቁም ነገር ስላቸው አልሰሙኝም።» እንዝርቷን አስቀመጠች። «መቁረብ እፈልጋለሁ። እሳቸው ካልመጡ አልችልም፤ ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ ነው የነፍስ አባታችን የሚሉት። ንስሐውን ጨርሰናል፣ ቀኖናውን ጨርሰናል፤ የሚከለክለን የለም። ግን በየዓመቱ ለከርሞ ይላሉ።»

«ለምን?»

«ለመቁረብ አይገባኝም ይላሉ።» ሳል ያዛት፤ እስኪተዋት ጠበቅኩ። «እኔ ነኝ ከመቅደስ ያወጣኋቸው።»

«ብርቱካን ናት እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ።»

«ብርቱካንማ ሕፃን ነበረች። እሺ ብዬ የገባሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀንም አንቺ ነሽ ብለውኝ አያውቁም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። አሁን ይህ ደረቴ እየከፋ ነው፤ ከርሞ የሚሉት ከርሞ ለእኔ አለ ወይ? ሳልቆርብ ብሄድ እዚያ ስጠየቅ ምን እላለሁ? ባሌን ጠብቄ ነው ልበል?»

ሳቅ ብላ ነው ያለችው። እንዲህ እየሳቀ የሚናገር ሰው ፊት ቀልድ አይመጣም። እሺ ብያት ወጣሁ።

ያን ወቅት ሳንቃ በር ላይ በረዶ ወረደብን። ፈረንጆቹ ድንኳናቸው ገቡ፤ እኔና አያ ይርዳው ወጥ ቤቱ ሸራ ስር ተጠጋን። በረዶው ሸራው ላይ ሲወርድ ጩኸቱ ለብቻ ነው፤ ሰው የማይሰማ ስለሚመስለው እውነቱን ይናገራል። ጀመርኩት።

«አያ፣ ውዴ እንድትቆርብ ለምን አትፈቅድም? ሰልፉ ረዘመብህ? እኔ ቦታ ልያዝልህ?»

«እሷ ላከችህ።»

«እሷ ብትልከኝም እኔ ነኝ የመጣሁ።»

ወደ በረዶው ዞረ። ከዚያ፦ «ቄስ ጌታሁንን ታውቀዋለህ? እዚያ ኪዳነ ምሕረት ያለውን? ዲያቆን ሆኖ ሲመጣ ቃጭል አያያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሲሳሳት ጆሮውን እይዝ ነበር። አሁን እሱ ነው የሚያቆርበው። እኔ ከሕዝቡ ጋር ተሰልፌ አፌን ከፍቼ እሱ ፊት ልቁም?»

«ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ደባርቅ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«የትም ብሄድ ያው ነው። ያን ጻሕል፣ የቁርባኑን ሳህን ይዤ ሕዝቡ ወደ እኔ ሲመጣ ነው የማውቀው። ወደዚያ ሄዶ መቆሙን እግሬ አያውቀውም።» ዓይኑን ከበረዶው አላነሳም። «አይገባኝም ስል ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ውዴም ትሕትና ይመስላታል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔማ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ» አለ። በረዶው ሲያባራ ተነስቶ ሸራው ላይ የተከማቸውን በእጁ ቀስ አድርጎ አወረደው። የውዴን መልእክት በቀልድ ላስገባ የሄድኩት ሰውዬ ያን ቀን ሽንኩርቴን አሳረርኩ።

እንዲቆርብ ፈቃደኛ ያደረግሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ነኝ ብዬ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ናት። ኦማ ነበር የምንላት፣ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ከቡድኑ ሁሉ ቀስ ብላ የምትሄድ፣ አያ ይርዳው በቅሎ ይዞ ከጎኗ የማይጠፋ ሴት ነበረች። በመጨረሻው ጠዋት ስነሳ እሳቴ ተቀጣጥሏል፤ ኦማ ድስቴን ጥዳ ታማስላለች። ገንፎ ነው ያለችው፤ ከስሩ እያረረ ነው። ማማሰያዬን ልቀማት ስል አልሰጥም አለች። የፈረንጆቹን ታጣፊ ወንበር አምጥታ ዘረጋችና ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ወንበር ላይ ስንቱን ፈረንጅ አስቀምጬ አብልቻለሁ፤ እኔ ግን ተቀምጬበት አላውቅም። ልነሳ ስል ትጫነኛለች፤ እንደገና ልነሳ ስል ትጫነኛለች። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴ ተንበርክካ ዘረጋችልኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጉልበቴ ላይ አደረግኩት፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት። ጫኞቹ ይስቃሉ። እኔ፣ እንኳን ገንፎ ነብር የማያስደነግጠኝ ሰውዬ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ ተቀበልኳት፤ በላሁ። አሮ ነበር። ጨው የለውም። ጨርሼው ሳህኑን ስመልስላት ዓይኔ ቆጠቆጠኝ፤ ጭሱ ነው ብዬ አለፍኩት።

አያ ይርዳው በቅሎ እየጫነ ነበር። እሱ አልሳቀም። መጫኛውን እንደያዘ ቆሞ ያየኛል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላ ደረሰብኝ። «እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ተቀምጦ መቀበሉ።»

«ከባድ ነው አያ። ጭነት ይቀላል።»

«ግን በላህ።»

«ምን ላድርግ። እጇን ዘርግታ እኮ ነው የቆመችው።»

«እጇን ዘርግታ» አለ። ደባርቅ ስንደርስ ጭነቱን አውርዶ፣ ሸራውን አጥፎ፣ «ሞላ፣ ዘቢቡን አሁን ስጠኝ» አለኝ። ወቅቱ ገና አላለቀም ነበር።

ለመቁረብ ደባርቅ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱን አልመረጠም። ወደዚያችው ከዳባት በላይ ወዳለችው፣ ወደ ቄስ ጌታሁን ሄደ። ያን ጊዜ ውዴ ዳገት የምትወጣበት ትንፋሽ አልነበራትም። ዳባት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ። ብርቱካን ከጎንደር መጣች፤ እኔ ከጎን እንድደግፍ ተጠራሁ። አያ ይርዳው ሲጭን ብዙ ዓመት አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላየሁም። እጁን ታጠበ። መጫኛውን አልነካውም፤ ኮርቻው ላይ ጋቢውን አነጠፈ፣ ውዴን አቅፎ አስቀመጣት፣ ወገቧን በራሷ ነጠላ አድርጎ ከኮርቻው ጋር አሰረው። ቋጠሮውን አጠበቀ፣ ፈታ፣ እንደገና ቋጠረ።

«አመመዎት?» አለችው፤ እሱ እንጂ እሷ የታመመች አትመስልም።

«ዝም በይ፣ ትንፋሽሽን አትጨርሺ።»

«እንደ ቱሪስት ጫኑኝ እኮ» አለች ለእኔ። ያቺ ቀልድ የእኔ መሆን ነበረባት፤ ተነጠቅኩ።

ቅዳሴውን ከውጭኛው ዙሪያ ቆሜ ነው ያየሁት። እሷ በሴቶቹ በኩል ብርቱካንን ተደግፋ፣ እሱ በወንዶቹ በኩል። የሚቆርበው ጥቂት ሽማግሌና ሕፃን ነበር። አያ ይርዳው መሀላቸው ባዶ እግሩን ቆሟል። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አወረደው፣ ጋቢው ውስጥ ከተተው፣ መልሶ አወጣው። ያን እጅ አወቅኩት፤ የእኔ እጅ ነው፣ ያ ወንበር ላይ የነበረው።

ተራው ደረሰ። ቄስ ጌታሁን ቀና ሲል አየው። ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ ቄሱ አንገቱን ዝቅ አደረገለት። አያ ይርዳው ደግሞ ከፊቱ እንዳለው ሕፃን አፉን ከፈተ።

ሲወጣ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ከቅጥሩ ጥድ ስር ወደተቀመጠችው ውዴ ሄደ። እሷም አፏን ሸፍናለች። ከቆረቡ በኋላ ስለማይወራ አልተነጋገሩም። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከነጠላው በላይ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የእሷን ዓይን አይቼ ፊቴን አዞርኩ፤ እኔ ላየው የተሠራ አልነበረም።

ውዴ ክረምቱ ሳይገባ ሞተች።

በሚቀጥለው ወቅት እንደገና ሳንቃ በር ወጣን። ማታ ኬክ ቆራረስኩ፤ ለእሱ ዘቢብ የሌለበትን ጥግ ፈልጌ ሰጠሁት፤ ለምዶብኛል። «ዘቢብ ያለበትን ስጠኝ» አለ። ሰጠሁት። አልለቀመም። ቀስ ብሎ አላመጠው።

«ጣፋጭ ነው እኮ» አለ።

«ስንት ዓመት ስነግርህ።»

ሌላ ጎረሰ። «ውዴ ዘቢብ ትወድ ነበር» አለ። «ልጅ ሳለች ለሰርግ መጥቶ ቀምሳው ወደደችው። ለእኔ ስትል ቤታችን አንድ ቀን አስገብታው አታውቅም። የነገረችኝ የቆረብን ማታ ነው።» ቁራሹን ይዞ ቆየ። «ለማን እንደሚደርስ አታውቅም እያልኩ ስጠነቀቅለት፣ አጠገቤ ላለችው አላደረስኩትም።»

የሰማሁትን ሁሉ ለቀልድ የምሰበስብ ሰው ነኝ። ይህን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም።

ከዚያ በኋላ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ፈረንጁ ጠፋ፣ በቅሎዎቹ ተሸጡ። አያ ይርዳው ዳባት ገባና የሰው መጫኛ እየጠገነ ኖረ። እኔ ድንች ጠብሼ ሸጥኩ፤ የድንቹንም ጉራ ነዝቻለሁ። ነገር ሲረጋጋ፣ አንዳንድ ቱሪስት ብቅ ሲል፣ አቅም ባይኖረኝም በየዓመቱ አንድ እሽግ ገዛሁ። እሱ እየመጣ ይወስዳል። የዘንድሮውን ገዝቼ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አልመጣም።

ቀብሩ ላይ ደረስኩ። እንደ ምእመን ነው የተቀበረው፤ የካህን ወግ አልተደረገለትም። ፍትሐቱን ያነበበው ቄስ ጌታሁን ነው። በሦስተኛው ቀን የለቅሶው ድንኳን ሲፈርስ እኔና እሱ ሸራውን ያዝን። ልጠቀልለው ስል ቄሱ አራቱን ጫፍ ወደ መሀል መለሰው፤ ከዚያ ግማሽ በግማሽ፤ ከዚያ መዳፉን ከላይ አሳረፈ። አየሁት። «ሌላ አጣጠፍ አላስተማረኝም» አለኝ።

በአርባው ማለዳ ከደባርቅ ተነሳሁ። የተዝካሩን ወጥ ልሥራ ብል የዳባት ሴቶች ሳቁብኝ፤ አላስነካ ብለው ጨው ብቻ ቅመስ አሉኝ። ቀመስኩ፤ ትንሽ ጨው ይጎድለዋል አልኩ፤ ሳይጎድለው። ከዚያ እሽጉን ይዤ ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። ከቅጥሩ በር ላይ ቆሜ ዲያቆን አስጠራሁ።

ዲያቆኑ ተቀበለኝ፤ እንዳልተከፈተ ለማየት አገላበጠው። «የማን ልበል?» አለኝ።

«የአያ ይርዳው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎስ፣ አይገቡም?»

ወጥ የቀመስኩ ሰው ነኝ፣ ያውም ለጉራ። «እኔ አልገባም» አልኩት። «እሱ ይገባል።»

እሽጉ በዚያች ቤተልሔም በር ገባ። ተዘጋ። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሴው ረዘመ፤ ፀሐይዋ ጥዱ ላይ ወጣች። አጠገቤ የሚያወራኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ውስጥ ቃጭሉ ተደወለ፤ ዜማው ዝግ አለ። ምን እየሆነ እንደሆነ ካለሁበት አይታየኝም። ግን ኩክ ነኝ። ማዕድ ሲቀርብ ሳላይም አውቃለሁ።

ተነስቼ ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።